መብራት ሲበራ የሞተር ውሃ አይቀዘቅዝም

የአንባቢያን የመኪና ጥያቄና መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። የመኪናቸው የራሱ የሞተር ኮምፒውተር ተቃጥሎ ወይም ጠፍቶ፣ በምትኩ በላፕቶፕ የሚስተካከል ሌላ ኮምፒውተር የገጠሙ ሰዎች ናቸው የጻፉልኝ። ቱን የሚያደርግላቸው፣ ማለትም የነዳጁንና የእሳቱን ቁጥር በላፕቶፕ የሚያስተካክልላቸው ባለሙያ (ቱነር) ደግሞ ሩቅ ነው። የአንዱ አዲስ አበባ፣ የአንዱ ዱባይ። እነዚህ ቁጥሮች ያሉበት ፋይል በቴሌግራም ይሄዳል፣ ፋይል በቴሌግራም ይመጣል። መኪናዋ ግን አልተሻላትም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን መኪና እዚያ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከጫጫ ነው። አባቴ የተወልኝ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። የካርቡራተሩ ሞተር ሲደክም 1.6 ሊትር የሆነ ባለ ኢንጀክተር (ቤንዚኑ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭበት) 4ኤ ሞተር ገጠምንላት። ሞተሩ የተገዛው ያለ ኮምፒውተር ነው። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ስለሚሠራ ፕሮግራም የሚደረግ ኮምፒውተር ላከልኝ፤ ከአንድ ቱነርም ጋር አገናኘኝ። ሞተሩ ይነሳል። ችግሩ ከሞቀ በኋላ ነው። ሚኒሞ ላይ (ፔዳል ሳይረገጥ) ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። የራዲያተሩ ፋን በየጥቂት ሰከንዱ በራ ጠፋ፣ በራ ጠፋ ይላል። በ2ኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ስነዳ ትንገጫገጫለች። የላምዳ ጌጁ (የአየርና የቤንዚን ድርሻ የሚያሳየው) 16 እና 17 ያሳያል፣ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። ቱነሩ ነዳጅ ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ። አሁን 11ኛው ፋይል ላይ ነን። ካንዴላዎቹ ግን ጥላሸት ለብሰዋል። ከማርሚታው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ነዳጅም ትበላለች። ሌላ ቱነር ልፈልግ ወይስ ኮምፒውተሩን ልቀይር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም አታድርግ። ገንዘብህን ያዝ። ለጊዜው ፋይል መቀየሩንም አቁሙ።

ደብዳቤህ ውስጥ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር አለ። ጌጁ ነዳጅ አነሰ ይላል። ካንዴላው ነዳጅ በዛ ይላል። እኔ የማምነው ካንዴላውን ነው። ጥላሸት ዝም ብሎ አይመጣም። አፍንጫህም መስክሯል።

ጌጁ ግን እንዴት እንዲህ ሊል ቻለ? ላምዳ ሴንሰር ቤንዚን አይቆጥርም። የሚያየው በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ከዚያ በላይ አየር ከገባ ኦክስጅን ይተርፋል፣ ጌጁም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። አሁን አንዱ ሲሊንደር ሳይቀጣጠል ቀረ እንበል። የገባው አየር እንዳለ ይወጣል። ቤንዚኑም አብሮት ይወጣል። ሴንሰሩ የሚያየው ግን ያንን ሁሉ ያልተቃጠለ ኦክስጅን ነውና «ነዳጅ አነሰ» ይላል። ቱነሩ ይጨምራል። ካንዴላው ይረጥባል፣ ይጠቁራል፣ እንደገና ሳያቀጣጥል ይቀራል። ሴንሰሩ አሁንም «አነሰ» ይላል። 11 ፋይል የፈጀባችሁ ይህ አዙሪት ነው። አንዳንዱ ኮምፒውተር ደግሞ በላምዳው ንባብ ራሱ እያስተካከለ ይሄዳል። ያንተም እንደዚያ ከሆነ ዛሬውኑ አጥፋው፤ ቱነሩ ሲተኛ እንኳ ቤንዚን እየጨመረ ነው።

በርግጥ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ከሴንሰሩ በፊት ባለው የጭስ መውጫ መስመር ላይ የላላ ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ወይም ስንጥቅ ካለ፣ ሚኒሞ ላይ የውጭ አየር በዚያ ይገባና ሴንሰሩን ያታልለዋል። ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሳና ጓደኛህ የማርሚታውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ይያዘው። ኮፈኑ ስር «ጭስ፣ ጭስ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ቀዳዳውን አገኘኸው።

ያንተ መኪና ላይ የጠረጠርኩት ግን ሌላ ነው። ፋኑ በራ ጠፋ ይላል ማለትህ ነው የጠቆመኝ። አንድ ቀን ያየሁትን ልንገርህ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በታህሳስ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ካለው ጋራዤ ያንተን የመሰለች ኮሮላ ገባች። ሦስት ሳምንት ታገልን። ቱነሩ አዲስ አበባ ነበር፣ ጨዋ ሰው፣ የላክንለትን ሁሉ አይቶ በሌሊት ይመልሳል። አንድ ምሽት ሞተሩ እየሠራ፣ ላፕቶፑ ከፊቴ ተከፍቶ ሳለ ሰፈሩ መብራት ጠፋ። ጋራዡ ጨለመ። ቁልፌን ፈልጌ እንዳነሳ ብዬ እጄን ዘርግቼ የመኪናዋን የፊት መብራት አበራሁ። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። የሞተሩ ውሃ 84 ዲግሪ ይል የነበረው 71 ሆነ። ወዲያው፣ ዓይኔ እያየ። መብራቱን አጠፋሁ። 84። አበራሁ። 71። ረዳቴን ጠራሁትና «አንተ አብራ፣ እኔ ልይ» አልኩት። አበራ፣ አጠፋ፣ አበራ። ቁጥሩ አብሮ ይወርዳል፣ ይወጣል። የፊት መብራት ሲበራ የሞተር ውሃ 13 ዲግሪ አይቀዘቅዝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለቱነሩ የላክንለት ቁጥር ውሸት ነበር። እሱም በውሸት ቁጥር ላይ እውነተኛ ሥራ ሲሠራ ከረመ።

ጥፋቱ ግራውንድ፣ ማለትም ከረንቱ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ፣ ነበር። የውሃ ሴንሰሩ መመለሻ ሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ መግባት ሲገባው፣ ከፊት መብራቱ ግራውንድ ጋር በአንድ ብሎን ቦዲው ላይ ታስሯል። ከብሎኑ ስር ቀለሙ አልተፋቀም። መብራቱ ሲበራ ከረንቱ በዚያች በደከመች ብሎን ለማለፍ ሲታገል 0.15 ቮልት ያህል ይቀርባታል። ትንሽ ትመስላለች። ሞተር ሲሞቅ ግን የውሃ ሴንሰሩ ራሱ ለኮምፒውተሩ የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ገደማ ብቻ ነው። በግማሽ ቮልት ላይ 0.15 ስትጨምርበት ኮምፒውተሩ «ቀዝቅዟል» ብሎ ያምናል።

አሁን ያንተን ፋን አስብ። ፋኑ ሲበራ ብዙ ከረንት ይስባል። ያ ከረንት በደከመው ግራውንድ ሲመለስ የውሃው ንባብ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ «ውሃው በረደ» ብሎ ፋኑን ያጠፋል። ፋኑ ሲጠፋ ንባቡ ይመለሳል፣ «ሞቀ» ብሎ ያበራዋል። በረደ ባለ ቁጥር ደግሞ ቤንዚን ይጨምራል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ተጨማሪ ቤንዚን ስለሚፈልግ እንዲያ ነው የተሠራው። ሚኒሞህ ከፋኑ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። የስሮትል ሴንሰሩም (ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚነግረው) በዚያው ግራውንድ ከታሰረ ቁጥሩ ይንቀጠቀጣል። ኮምፒውተሩ ፔዳል የረገጥክ መስሎት በየጊዜው ቤንዚን ይረጫል። በ2ኛ ማርሽ የሚያንገጫግጭህ ከዚህ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ማታ ይህን አድርግ። ሞተሩን አሙቅ፣ ሚኒሞ ላይ ተወው፣ ላፕቶፑ ላይ የውሃውን ዲግሪ እያየህ የፊት መብራቱን አብራ። ከአንድ ዲግሪ በላይ ከዘለለ በሽታውን አገኘኸው። ከዚያ ቴስተር ያዝ። ጥቁሩን ገመድ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የሴንሰሩ መመለሻ ሽቦ ላይ አድርግ። መብራትም ፋንም በርቶ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ምናምን ቮልት ብቻ ሊያሳይህ ይገባል። ሲበራ ሲጠፋ የሚዘል ከሆነ ሽቦው ያለ ቦታው ነው የታሰረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሴንሰሮች ሁሉ መመለሻ ኮምፒውተሩ ላይ ለሴንሰር በተሰጠችው አንድ ቦታ ብቻ ይገባል። ቦዲ አይነካም። የኮምፒውተሩ የራሱ ግራውንድ ሞተሩ ላይ ይታሰራል፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ብረቱ እስኪያበራ። ከባትሪ ወደ ሞተር አንድ ወፍራም ገመድ፣ ከሞተር ወደ ቦዲ ሌላ። የአሮጌ ካርቡራተር መኪና ቦዲ ግራውንዱ ለመብራትና ለጡሩምባ ነው የታሰበው። ለኮምፒውተር ማንም አላሰበውም። ስለዚህ የድሮውን ገመድ አትመን፣ አዲስ አስገባ።

ይህን ስትጨርስ 11ኛውን ፋይል ጣለው። ወደ መጀመሪያው ወይም ወደ ሁለተኛው ተመለስ፤ ቀሪዎቹ የተሠሩት በውሸት ቁጥር ላይ ነው። አራት አዲስ ካንዴላ ግዛ። ኮዱ ላይ «R» (አር) ፊደል ያለበትን ምረጥ፣ ውስጡ ሬዚስተር አለው ማለት ነው። ሬዚስተር የሌለው ካንዴላ በረጨ ቁጥር የሚለቀው ሞገድ የእነዚህን ኮምፒውተሮች የዙር ሴንሰር ይረብሻል። ቴኮሜትሩ ድንገት ወደ 0 ሄዶ የሚመለስ ከሆነ እዚያ ላይ ፈልግ።

አንድ ነገር ደግሞ የዱባዩ ሰው በምንም መንገድ ሊያየው አይችልም። የፑሌጃውን (ከሞተሩ ፊት ቀበቶ የሚያዞረውን ክብ ብረት) ምልክት። ቱነሩ ታይሚንጉን (ካንዴላው የሚረጭበትን ጊዜ) በሶፍትዌሩ 10 ዲግሪ ላይ ይቆልፍልህ። አንተ የታይሚንግ መብራት ተበድረህ ፑሌጃው ላይ አብራ። ምልክቱ 10 ላይ መቆም አለበት። ከዚያ ሞተሩን እስከ 3000 ዙር አሳድገው፤ አሁንም 10 ላይ መቆየት አለበት። ስክሪኑ 10 እያለ ፑሌጃው 18 ካለ፣ ቱነሩ የጻፈው የታይሚንግ ቁጥር ሁሉ በ8 ዲግሪ ስህተት ነው። የዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ዕቃ) ሞተር ስለሆነ ያንተ ላይ ይህ በቀላሉ ይፈጠራል፤ አንድ ሰው ብሎኑን አላልቶ ትንሽ ካዞረው በቂ ነው። የሰማኋቸው «ቱነሩ አይችልም» የሚሉ ቅሬታዎች ብዙዎቹ መጨረሻቸው ይህ ወይም ግራውንድ ነበር።

ግራውንዱ ተስተካክሎም ፋኑ ሲበራ ሚኒሞው ትንሽ ከወረደ፣ ያ የኢንጀክተር ጉዳይ ነው። ኢንጀክተር ከረንት ካገኘ በኋላ እስኪከፈት ጊዜ ይወስድበታል። 14 ቮልት ላይ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ቮልቱ ሲወርድ ከዚያ በላይ። ቮልት በወረደ ቁጥር ስንት እንደሚጨመር የሚጻፍበት ቦታ ሶፍትዌሩ ውስጥ አለ። ቱነሩ ያውቀዋል፣ ኢንጀክተሩ የየትኛው ሞተር እንደሆነ ብቻ ንገረው። በዚያው ዲናሞህን ፈትሽ። ሚኒሞ ላይ ፋንም መብራትም በርቶ ከ13.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ እሱን አሠራ።

ስለ ቱነሩ ደግሞ። እሱ ዓይን አለው፣ እጅ ግን የለውም። እጁም ጆሮውም አንተ ነህ። ሎግ (ላፕቶፑ የሴንሰሮቹን ቁጥር እየተከታተለ የሚመዘግበው ፋይል) ስትልክለት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ጀምር፤ ቀዝቅዞ ሲነሳ፣ ሲሞቅ፣ ሚኒሞ ላይ ሲቆም፣ በእኩል ፍጥነት ሲሄድ፣ ዳገት ሲገፋ ሁሉም በአንድ ሎግ ይግባ። በቴሌግራም ስትልክ የስክሪን ፎቶ አትላክ፣ ዋናውን ፋይል ላከው። ላፕቶፑን ሌላ ሰው ይያዝ። አንተ መንገድህን እይ።

የሰዓቱን ነገር አደራ። ይህ ስንቱን እንዳሳሳተ እኔ ነኝ የማውቀው። አንተ ወረቀት ላይ «3፡20 ላይ ተንገጫገጨች» ብለህ ትጽፋለህ። ላፕቶፑ 9፡20 ይላል። ዱባይ ደግሞ በዚያ ሰዓት 10፡20 ነው። ሰውዬው 3፡20ን ሲፈልግ ያድራል። በኛ ሰዓት አትጻፍለት። ሎጉ ከተጀመረ ስንት ደቂቃ ከስንት ሰከንድ እንደሆነ ጻፍለት። ከዚህም የሚቀል ዘዴ አለኝ። የግራውንዱ ችግር ከተፈታ በኋላ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር የፊት መብራቱን ለአንድ ሰከንድ አብርተህ አጥፋ። ሎጉ ላይ የባትሪው መስመር ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ቱነሩ ያችን ጉድጓድ ፈልጎ ቦታውን ያገኘዋል።

እሱ ፋይል ሲያስገባ በርቀት ላፕቶፑን ከያዘው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ይከፈት። ኔትወርኩ መሃል ላይ ሲቆረጥ ሞተሩ እየሠራ እንዲገኝ አትፈልግም። የድሮውን ፋይል ቀን ጽፈህበት አስቀምጥ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ በቤንዚን ሃይሉክስ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማንጎ ወደ ደብረ ብርሃን አመላልሳለሁ። እርጅና ተጭኖኛል፣ ከመኪና ግን አልወጣሁም። ልጄ አዲስ ኮምፒውተር አስገጥሞ ደብረ ብርሃን ዙሪያ እየነዳ በስልክ ቱን አስደረገው። እዚህ ከተማ ውስጥ እንደ አዲስ ነው። ሸዋ ሮቢት ወርጄ ጭኜ ስመለስ ግን፣ አርማንያ ዳገት ላይ ሙሉ ስረግጥ ሞተሩ ውስጥ ጠጠር የተበተነ ይመስል ያንኳኳል። ደብረ ሲና አልፌ ወደ ጣርማ በር ስወጣ ድምፁ ይጠፋል። ምን ይሉታል?

መልስ፦ አባቴ፣ በጥሩ ሁኔታ አስረድተውኛል። ድምፁ ታች ኖሮ ላይ መጥፋቱ ራሱ መልሱን ይዟል።

ኮምፒውተሩ ነዳጅና ታይሚንግ የሚወስነው ከአንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር አለ፣ በሌላው ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ስለሆነች 72 አካባቢ ነው ያለን። ጣርማ በር ከዚያም ያንሳል፣ 68 ገደማ። ሸዋ ሮቢት ግን 1280 ሜትር ገደማ ስለሆነች 87 አካባቢ ትደርሳለች።

ልጅዎ ደብረ ብርሃን ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጥ እንኳ ከ72 በላይ ሊያገኝ አይችልም። ቱነሩ ያየው፣ ያስተካከለው እስከዚያ ያለውን ረድፍ ብቻ ነው። ከ75 እስከ 90 ያለውን ማንም አልነካውም፤ ከሌላ መኪና የመጣ ቁጥር ወይም ግምት ነው ያለበት። እርስዎ ሸዋ ሮቢት ላይ ጭነው ሙሉ ሲረግጡ ሞተሩ በቀጥታ እዚያ ያልተነካ ረድፍ ውስጥ ይገባል። አየሩ ብዙ፣ ሙቀቱ ከፍተኛ፣ ጭነቱ ከባድ፣ ታይሚንጉ ያልተፈተነ። የሚያንኳኳው ለዚህ ነው። ጣርማ በር ሲደርሱ ግፊቱ ስለሚወርድ ወደተስተካከለው ረድፍ ይመለሳል፣ ድምፁም ይጠፋል።

ይህ ድምፅ ፒስተን ይሰብራል። እባክዎ እስኪስተካከል ድረስ ታች ላይ ሙሉ አይርገጡ። ማርሽ ቀንሰው፣ ፔዳሉን ግማሽ ብቻ ይዘው ይውጡ። ጭነቱንም ለጊዜው ይቀንሱ። ለቱነሩ ደግሞ ይህን ይንገሩት፦ ከ75 በላይ ባሉት ረድፎች ታይሚንጉን ለጥንቃቄ ወደ ኋላ ይመልስ፣ ሙሉ ፔዳል ላይ ላምዳው ወደ 12.5 እና 13 መካከል እንዲሆን ነዳጅ ይጨምር። ከዚያ ልጅዎ ላፕቶፑን ይዞ ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ ሎግ ይያዝ፣ በቀትር ሙቀት። ደብረ ብርሃን ላይ መቶ ጊዜ ቢነዳ ያንን ረድፍ አያገኘውም።

አንድ ቀላል ፍተሻ ለሁላችሁም ልጨምር። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የማፕ ሴንሰሩን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውን) ንባብ እዩ። ሞተር ሲቆም የሚያሳየው የአካባቢውን ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን ቆማችሁ 72 አካባቢ ካለ ደህና ነው። 95 ወይም 100 ካለ የሌላ ሴንሰር ቁጥር ተጭኖበታል፣ ቱን የሚባል ነገር ከመጀመሩ በፊት ያ ይስተካከል። አንዳንድ ኮምፒውተር ደግሞ ይህን የአካባቢ ግፊት የሚያነበው ቁልፍ ሲከፈት አንዴ ብቻ ነው። ሸዋ ሮቢት አስነስታችሁ ሳታጠፉ ጣርማ በር ከደረሳችሁ፣ 2000 ሜትር ገደማ ወጥታችሁ ኮምፒውተሩ ግን ገና ሸዋ ሮቢት ነው ያለው። ላይ ስትደርሱ አቁማችሁ፣ አጥፍታችሁ ስታስነሱ ከተሻላት ለአካባቢ ግፊት ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሴንሰር ይገጠምላት።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው፣ መምህርት ነኝ። መኪናዬ ተመሳሳይ ኮምፒውተር አላት። ቀን ቀን ችግር የለባትም። በህዳርና በታህሳስ ግን ውርጭ ባደረ ጠዋት አምስት ስድስት ጊዜ ሳልሞክር አትነሳም፤ ከተነሳችም ታፍና ትጠፋለች። ክፍል ረፍዶብኝ ያውቃል። ቱነሩ «ቪዲዮ ላኪልኝ» ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ቪዲዮው ብዙ አይጠቅምም። ሎግ ነው የሚያስፈልገው፣ ያውም ሞተሪኖው (ማስነሻው) ከመዞሩ በፊት የተጀመረ።

ጠዋት መጀመሪያ አንድ ነገር እዪ። መኪናዋ ሌሊቱን ውጭ ካደረች የውሃው ሴንሰርና የአየሩ ሴንሰር እኩል መሆን አለባቸው። ቁልፉን ከፍተሽ አንብቢ። ውጭ 2 ዲግሪ ከሆነ ሁለቱም 2 አካባቢ ይበሉ። አንዱ 2፣ አንዱ 15 ካለ፣ 15 ያለው ሴንሰር ወይም ሽቦው ተሳስቷል። ውሃው 15 ነው ብሎ ያመነ ኮምፒውተር ለ2 ዲግሪ የሚበቃ ቤንዚን አይሰጥሽም።

እኩል ከሆኑ ባትሪውን እንጠርጥር። ሞተሪኖው ሲዞር ላፕቶፑ ላይ ግንኙነቱ ከተቋረጠ፣ ቮልቱ ወርዶ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እየተነሳ ነው። የነዳጅ ጉዳይ አይደለም። ባትሪው ይፈተሽ፣ የሞተሪኖው ገመድ ጫፎች ይጸዱ።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ብቻ ነው ወደ ቱነሩ የሚኬደው። እሱም ትዕግስት ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ማስነሳት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞከረው። አንዴ ከተነሳች በኋላ ሞተሩ ሞቋል፣ ሁለተኛው ሙከራ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ ሎግ፣ በየማታው አንድ ትንሽ ለውጥ። አንድ ሳምንት ይፈጃል። የቀን ሎግ ብትልኪለት ለዚህ ምንም አያደርግለትም።

ታፍና እምቢ ስትልሽ ደግሞ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠሽ ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ አዙሪ። አብዛኞቹ እነዚህ ኮምፒውተሮች ፔዳል ሙሉ ተረግጦ ሞተሪኖ ሲዞር ቤንዚን ያቆማሉ፤ የረጠበው ይደርቃል። ከዚያ ፔዳሉን ለቀሽ እንደገና ሞክሪ።

ጥያቄ፦ የድሮ ዲዝል ሃይሉክስ አለኝ፣ 2ኤል ሞተር። ደብረ ብርሃን ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ታጨሳለች። እንደ ሌሎቹ ኮምፒውተር ገጥሜ ቱን ላስደርጋት?

መልስ፦ አይሆንም። የሷ ፓምፕ በሜካኒካል ነው የሚሠራው፣ ኮምፒውተር የሚያዝዘው ነገር የላትም። አየሩ ስስ በሆነበት ከፍታ ፓምፑ ያንኑ ያህል ናፍጣ ይሰጣል፣ ለማቃጠል የሚበቃ አየር ግን የለም። የተረፈው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ቀይር። ካልተሻላት ፓምፕና ኖዝል የሚፈትሽ ባለሙያ ጋ ውሰዳት። ኖዝሎቹን ይሞክርልህ፣ የፓምፑንም ሙሉ የናፍጣ መጠን ለደብረ ብርሃን በሚበቃ ልክ ይቀንስልህ።